ሲጋራ ማጨስና የአረጋውያን ወንዶች አጥንት

ሲጋራ ማጨስ በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ለአጥንት ስብራት፣ ከሁሉ በላይ ለዳሌ ስብራት ያጋልጣል። የአጥንት መሳሳት የሴቶች ሕመም ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ በወንዶች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው አጥንት ከተሰበረ በኋላ ነው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዳሌ ከተሰበረ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድል ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይብሳልና።

አጥንት ዕድሜ ልክ የሚፈርስና መልሶ የሚገነባ ሕያው አካል ነው። ሰው ሲያረጅ ግንባታው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማጨስም ጉድለቱን ያሰፋዋል። ኒኮቲንና ሌሎች የጢስ ኬሚካሎች አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን ያዳክማሉ። በአጫሾች ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አንጀታቸውም ከምግብ የሚወስደው ካልሲየም ይቀንሳል። ብዙዎቹ ከሲታ ናቸው፤ ቀጭን ሰውነት ደግሞ ራሱን የቻለ የስብራት ምክንያት ነው። በማጨስ የመጣ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ ክኒን ከወሰደ መድኃኒቱም በበኩሉ አጥንቱን ያሳሳዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ ወደ 59 ሺህ የሚጠጉ ወንዶችንና ሴቶችን የተከታተሉ ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ በአጫሾች ላይ የዳሌ ስብራት ሥጋት ከማያጨሱት በ84 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የአጥንት ጥግግት ልዩነት ተቀንሶ ሲሰላም ሥጋቱ 60 በመቶ ብልጫ ነበረው። እንግዲህ በምርመራ ጥግግቱ ደህና የተባለ አጫሽም ከሥጋት ነፃ አይደለም። የጡንቻ መድከምና የሚዛን መጓደል፣ በዚህም የተነሳ መውደቅ፣ ከልዩነቱ የተወሰነውን ሳያስረዱ አይቀሩም። በሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፍራክስ የተባለው የስብራት ሥጋት ማስያም ማጨስን ለብቻው ይቆጥራል። ሆኖም «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ስለሚቀበል፣ በቀን ሁለት የሚያጨሰውንና ሁለት ፓኮ የሚጨርሰውን አይለይም።

ስብራት ከደረሰ በኋላም ጉዳቱ አያበቃም። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ወደ ተሰበረው ቦታ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ አጥንቱ ለመግጠም ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይገጥም ይቀራል። የቀዶ ሕክምና ቁስልም በቀላሉ ያመረቅዛል።

ማጨስ ማቆም የሳሳውን አጥንት ወደ ቀድሞ ይዞታው ባይመልሰውም ሥጋቱን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የኮፐንሃገን ጥናት፣ ሲጋራ ባቆሙ ወንዶች ላይ የዳሌ ስብራት ሥጋት ከአምስት ዓመት በኋላ ቀንሶ ታይቷል።