ከኬላ እስከ ካሜራ፦ የመንገድ ክፍያና የአሰባሰቡ ታሪክ

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ የለንደንን ድልድይ ገቢ ለባለቤቱ ለንግሥት ኤሌኖር ሰጣት። በድልድዩ ላይ የሚሻገር ጋሪ ይከፍል ነበር፤ በሥሩ የሚያልፍ መርከብም እንዲሁ። ገንዘቡ የተመደበው ድልድዩ እንዲጠገንበት ነበር። ንግሥቲቱ ግን ገቢውን ተቀብላ ጥገናውን ረሳችው። የከተማው ነዋሪዎች ድልድያችን ሊወድቅ ነው እያሉ አቤት ቢሉም ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. ከ1281 ወደ 1282 በተሻገረው የብርድ ወቅት በረዶው በርትቶ አምስት የድልድዩ ቅስቶች ተደረመሱ።

መንገደኛን ማስከፈል ከመንገድ እኩል ያረጀ ሥራ ነው። ዛሬ በየከተማው የምንሰማው እሮሮ፣ ማለትም የመግቢያ ክፍያው፣ የካሜራው ቅጣት፣ ሳይከፈል ቆይቶ የሚወልደው ዕዳ፣ የዚያው የቆየ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ነው። ወደኋላ ሄደን ስንመረምር ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ሕዝብ በክፍያው መጠን ያጉረመርማል፣ በአሰባሰቡ ግን ያምፃል።

የእኛም አባቶች ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና ሲራራ ነጋዴ በየገዢው ግዛት መግቢያ ኬላ ይጠብቀዋል። አንዱን ከፍሎ ሲያልፍ ሌላው ያስቆመዋል፤ ተመኑም በኬላ ጠባቂው ፊት የሚወሰን ነበርና ጭነቱን አራግፎ ሲከራከር ውሎ ማደር የተለመደ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት እ.ኤ.አ. በ1855 የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ዘገባ፣ ንጉሡ ቀረጥ የሚከፈልባቸውን ቦታዎች በግዛታቸው ሁሉ ሦስት ብቻ ለማድረግ መነሣታቸውን ጽፏል። ንጉሡ ቀረጥ ይቅር አላሉም። የኬላው ብዛትና የባለኬላው ዘፈቀደ ንግዱን እያነቀ እንደሆነ ግን ገብቷቸው ነበር።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መልክ አደገ። በ1663 ፓርላማው ለታላቁ የሰሜን መንገድ የክፍያ በር ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የየአካባቢው ባለርስቶችና ነጋዴዎች በባለአደራ ማኅበር እየተደራጁ መንገድ ያስጠግናሉ፤ በምትኩ በር አቁመው ከፈረሱም፣ ከጋሪውም፣ ከሚነዳውም ከብት ያስከፍላሉ። በ1830ዎቹ ማኅበራቱ ከ1,000 በላይ ሲሆኑ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይዘው ነበር። ጥቅሙም የሚታይ ነበር። ከለንደን ኤዲንብራ ለመድረስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአሥር ቀን በላይ የፈጀው የሠረገላ ጉዞ ወደ ሁለት ቀን ወረደ።

ይሁንና በሩ ለሁሉም እኩል አልነበረም። የንጉሡን ፖስታ የጫነ ሠረገላ ሳይከፍል ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠው ዘብ ከሩቅ መለከቱን ሲነፋ የበሩ ጠባቂ በሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ መክፈት አለበት፤ ሠረገላውን ካስቆመ 40 ሽልንግ ይቀጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ባለአደራዎቹ ገንዘብ መሰብሰቡን በጨረታ መሸጣቸው ነው። ተጫራቹ የዓመቱን ኪራይ አስቀድሞ ይዋዋላል፣ ከዚያ በላይ የሚሰበስበው ትርፉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለመንገደኛው የሚራራበት ምክንያት የለውም።

ውጤቱ በዌልስ ታየ። በካርማርተን ዙሪያ የተለያዩ ማኅበራት በሮች ተጠጋግተው ስለቆሙ፣ ለእርሻው ኖራ የሚያመላልስ ገበሬ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይከፍል ነበር። ከ1839 እስከ 1843 ገበሬዎች የሴት ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው፣ በሌሊት በሮቹን በመጥረቢያ አፈረሱ። መሪያቸውን «ርብቃ» አሉት፤ በኦሪት ዘፍጥረት ዘሯ የጠላቶቹን ደጅ እንዲወርስ ተመርቃ የተሸኘችውን የይስሐቅን ሚስት ማለታቸው ነው። ዐመፁ ንጹሕ ደምም አፍስሷል፤ በ1843 በሄንዲ በር አንዲት የ75 ዓመት አሮጊት የበር ጠባቂ ተገድላለች። መንግሥት ወታደር ቢልክም ጎን ለጎን አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በ1844 የወጣው ሕግ የተበታተኑትን ማኅበራት በየአውራጃው በአንድ አስተዳደር ሥር አሰባስቦ የኖራውን ክፍያ በግማሽ ቀነሰ። ባቡሩም መንገደኛውን ስለወሰደው የመጨረሻው ማኅበር በ1895 ተዘጋ።

ትምህርቱ ግን አብሮ ተረሳ። መኪና ከተማውን ሲሞላ ክፍያው በሌላ ልብስ ተመለሰ። ለንደን በ1958 የመኪና ማቆሚያ ሰዓት ቆጣሪዎችን ተከለች፣ በ1960 ደግሞ የቅጣት ወረቀት የሚለጥፉ ተቆጣጣሪዎችን አሰማራች። እንደሚታወቀው የመጀመሪያው ወረቀት የተለጠፈው ልቡ የታመመ ሰው ሊረዳ ሆቴል በገባ ሐኪም መኪና ላይ ነው። ቅጣቱ 2 ፓውንድ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፣ ቅጣቱም ተነሣ። በዚያ ዘመን ወረቀቱን የጻፈውም ሆነ ያነሣው ሰው ነበር፤ አቤት የሚባልበት ፊት ነበረ።

በ1991 የወጣው ሕግ በለንደን የመኪና ማቆሚያ ጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ተራ ዕዳ አደረገው። ሰው በማቆሚያ ጥፋት ወንጀለኛ አለመባሉ መልካም ነው። ግን ተከሳሽ በፍርድ ቤት የሚያገኘው የመደመጥ ዕድል አብሮ ጠበበ። በዚህ መሠረት ላይ ነው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 የትራፊክ መጨናነቅን ለመቀነስ የታሰበው የመጨናነቅ ክፍያ የተጀመረው። በመንግሥት የተሾመው የስሚድ ኮሚቴ በ1964 ይቻላል ያለውን፣ ሲንጋፖር በ1975 የሞከረችውን፣ ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን በመሐል ለንደን ሥራ ላይ አዋሉት። የቀኑ ክፍያ 5 ፓውንድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ወደሚጠየቅበት ቀጠና የሚገባው መኪና በ18 በመቶ ቀነሰ። የተጣራው ገቢ ለትራንስፖርት እንዲውል ሕጉ አስገደደ፤ የንግሥት ኤሌኖር ትምህርት ቢያንስ በዚህ በኩል አልጠፋም።

የአሰባሰቡን መሰላል ግን እንመልከት። ሳይከፍል የገባ ሰው ከ2023 ጀምሮ የ180 ፓውንድ ቅጣት ይላክለታል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለ 90 ነው። ዝም ካለ ወደ 270 ያድጋል። ቀጥሎ ዕዳው ኖርዝሃምፕተን በሚገኘው ማዕከል ከሌሎች እጅግ ብዙ ዕዳዎች ጋር በጅምላ ይመዘገባል። ከዚያ ወደ ግል ዕዳ አስፈጻሚ፣ በለንደን ያሉ ወገኖቻችን በልማድ «ቤይሊፍ» ወደሚሉት ይተላለፋል። በ2014 የወጣው ተመን ደብዳቤ ሲጽፍ 75 ፓውንድ፣ በር ሲያንኳኳ ደግሞ 235 እንዲጨምር ፈቀደለት። 90 ፓውንድ የነበረው 580 ደረሰ ማለት ነው። አድራሻ ቀይሮ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው ይህን ሁሉ የሚያውቀው በመኪናው ጎማ ላይ ብረት ታስሮ ሲያገኝ ነው። አስፈጻሚው ድርጅት የሚኖረው ከባለዕዳው በሚቀበለው ክፍያ ነው። የዌልሱ ተጫራች ስሙን ቀይሮ ቢመጣ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

የመለከቱም ልማድ አልቀረም። ብዙ ኤምባሲዎች የመጨናነቅ ክፍያ ግብር ስለሆነ በ1961 የቪየና የዲፕሎማሲ ስምምነት መሠረት አይመለከተንም ይላሉ፤ የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በበኩሉ ግብር ሳይሆን የአገልግሎት ዋጋ ነው ሲል ይሟገታል። እስከ 2023 መጨረሻ የተከማቸው የኤምባሲዎች ዕዳ ከ143 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ የአሜሪካው ብቻ ከ14 ሚሊዮን ያልፋል። በእነዚህ በሮች ላይ የሚያንኳኳ ቤይሊፍ የለም። በአንጻሩ የሚኒካብ፣ ማለትም በቅድሚያ የሚታዘዝ የግል ታክሲ፣ አሽከርካሪዎች ከክፍያው ነፃ የነበሩበት መብት ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ተነሥቷል፤ ጥቁሮቹ ታክሲዎች ግን ነፃ እንደሆኑ ቀሩ። ሚኒካብ ከሚነዱት ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው፣ ከመካከላቸውም አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን አሉ። ማኅበራቸው አድልዎ ነው ብሎ ቢከስም በዚያው ዓመት ተረታ። በ2023 አየር በሚበክሉ መኪኖች ላይ የተጣለው ክፍያ መላ ለንደንን ሲያካትት፣ የካሜራ ሽቦ በሌሊት የሚቆርጡ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ተነሡ። ርብቃ ወደ ከተማ ገባች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የከተማ አየር ማጽዳት ግን ከኖራ ቀረጥ የበለጠ ምክንያት ያለው ዓላማ ነው፤ በአሰባሰብ ምክንያት ሲጠላ ማየት የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት ኬላ በዘመናዊ መልኩ ተመልሷል፤ ሲገቡ ካርድ፣ ሲወጡ ክፍያ። ተመኑ የታወቀ፣ ለመንገዱም የሚከፈል ስለሆነ ብዙ አላነጋገረም። የከተማው ቅጣት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ለዘመናት ማስከፈያው ትራፊኩ የሚፈታው ታርጋ ወይም በመያዣነት የሚወስደው መንጃ ፈቃድ ነበር። ባለታክሲው ቅጣቱን ከፍሎ ደረሰኙን እስኪያመጣ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ቀኑን ከማጣት «ሻይ» ሰጥቶ መገላገልን የመረጠም ብዙ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ከገንዘቡ ቅጣት ጎን የጥፋት ነጥብ መዝገብ አመጣ። ዛሬ ቅጣት በባንክም በቴሌብርም ይከፈላል። የገንዘቡ መንገድ በታወቀ ቁጥር የሻዩ መንገድ ይጠባል፤ ይህ ትልቅ ዕርምጃ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ካሜራው ነው፤ እሱ አይደክምም፣ ሻይም አይጠጣም። ግን የሐኪሙን ታማሚም አያይም፣ ደብዳቤው ለባለቤቱ መድረሱንም አይጠይቅም። ስለዚህ ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ሕጉ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የዘገየ ቅጣት ከመጀመሪያው ስንት እጥፍ በላይ አያድግም? አቤቱታውን አንብቦ የሚወስነው ሰው ማን ነው? ሰብሳቢው ደመወዝ የሚያገኘው ከሕዝብ ካዝና ነው ወይስ ካስፈራራው ሰው? የባለሥልጣኑና የኤምባሲው መኪና ዕዳ እንደ ባለታክሲው ዕዳ በይፋ ይዘረዘራል? ሌሎች እነዚህን ጥያቄዎች የመለሱት በር ከፈረሰ፣ ሰው ከሞተ በኋላ በአጣሪ ኮሚሽን ነው። እኛ የእነሱንም የአባቶቻችንንም ታሪክ በእጃችን ይዘን በደንቡ ረቂቅ ላይ፣ በጊዜ፣ ልንመልሳቸው እንችላለን።