ሥርዓተ ትምህርት፦ ምንነቱ፣ ዓይነቶቹና መሠረቶቹ

ሥርዓተ ትምህርት አንድ ኅብረተሰብ ልጆቹ ምን እንዲያውቁ፣ ምን መሥራት እንዲችሉና ምን ዓይነት ሰዎች እንዲሆኑ እንደሚፈልግ የሚወስንበትና ውሳኔውን በትምህርት ቤት በኩል የሚፈጽምበት ዕቅድ ነው። ዓላማን፣ ይዘትን፣ የማስተማሪያ ዘዴንና ቋንቋን፣ እንዲሁም ምዘናን ያካትታል። መምህራን በዕለት ንግግራቸው «ካሪኩለም» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከመርሐ ትምህርት ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር እየተምታታ ይነገራል። መርሐ ትምህርት የአንድ የትምህርት ዓይነት በአንድ ክፍል ደረጃ የሚሰጥባቸውን ርዕሶችና ክፍለ ጊዜያት ይዘረዝራል፤ መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ያንኑ ለተማሪው ያቀርባል። ሥርዓተ ትምህርት ከሁለቱም ይሰፋል፤ ስለዚህም አዲስ መጽሐፍ ማሳተም ብቻውን ሥርዓተ ትምህርትን መለወጥ አይደለም።

የትርጉም ክርክር

ምሁራን በአንድ ትርጉም አልተስማሙም። ልዩነታቸው የሚመነጨው ትምህርት ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት መልስ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ስለ ልጁና ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ባሳተመው ድርሰት፣ የልጁ የዛሬ ልምድና የሰው ልጅ ያከማቸው እውቀት እንደ ባላንጣ መታየት የለባቸውም ሲል ተከራክሯል። ፍራንክሊን ቦቢት በ1918 የያዘው መንገድ ሌላ ነበር። አዋቂ ሰው በኑሮው የሚሠራቸው ሥራዎች አንድ በአንድ ተተንትነው ልጁ ለእነዚያ እንዲሠለጥን ፈለገ፤ በዘመኑ ፋብሪካዎች ውስጥ የነበረው የቅልጥፍና አስተሳሰብ በሐሳቡ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከሁሉ የበለጠ ዘልቆ የሠራው የራልፍ ታይለር የ1949 ሥራ ነው። ታይለር ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሁሉ አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት አለ፦ ትምህርት ቤቱ የትኞቹን ዓላማዎች ለማሳካት ይሻል? የትኞቹ የመማር ልምዶች ወደዚያ ያደርሳሉ? ልምዶቹ እንዴት ይደራጁ? ዓላማው መሳካቱስ በምን ይታወቃል? ዛሬ አንድ የኢትዮጵያ መምህር የሚገልጠው መርሐ ትምህርት ብቃት፣ ይዘት፣ ተግባርና ምዘና እየተባለ መከፈሉ የዚህ አስተሳሰብ ውርስ ነው። ሂልዳ ታባ በ1962 ሥራዋ፣ ዕቅዱ ከላይ ተዘጋጅቶ ወደ ክፍል ከሚወርድ ይልቅ መምህራን ከክፍላቸው ተነሥተው የትምህርት ምዕራፎችን ቢያዘጋጁና ቢሞክሩ እንደሚሻል አስረዳች። የታባ ምክር በብዙ አገሮች ተጠቅሶ የሚታለፍ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ሥርዓተ ትምህርትን ከወረቀት ወደ ልጅ የሚያደርሰው መምህሩ ነውና።

የተጻፈውና የሚኖረው

ሥርዓተ ትምህርትን በዓይነት ለመለየት ጠቃሚው መነሻ የጆን ጉድላድ አከፋፈል ነው። ጉድላድ የባለሙያዎችን ምኞት፣ በመንግሥት የጸደቀውን ሰነድ፣ መምህሩ ከሰነዱ የተረዳውን፣ በክፍል ውስጥ በተግባር የሚሰጠውንና ተማሪው በመጨረሻ የሚቀስመውን ለያይቶ አየ። በእነዚህ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በ«ፕላዝማ» መሰጠት ጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ነበር፤ መምህሩ የሚናገረው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ለጥቂት ደቂቃዎች ነበር። በሰነድ ደረጃ የአዲስ አበባና የገጠር ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት አገኙ። በክፍል ውስጥ ግን የቴሌቪዥኑን ፍጥነትና የእንግሊዝኛውን አነጋገር መከተል ያልቻለው ተማሪ ጥያቄውን ይዞ ቀረ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጥ ነበር።

ፊሊፕ ጃክሰን በ1968 ስለ ክፍል ውስጥ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» የሚለውን ሐሳብ አስተዋወቀ። ማንም በመርሐ ትምህርት ባይጽፈውም ልጅ ተራ መጠበቅን፣ ለሥልጣን መታዘዝን፣ በሌሎች ፊት መመዘንን በየቀኑ ይማራል። የጠዋት ሰልፍ፣ የክፍል አለቃ ስም ጽፎ ለመምህር መስጠቱ፣ በውጤት ካርድ ላይ የሚሰፍረው ደረጃ የዚህ አካል ናቸው። ከስድሳ ልጆች መካከል አንዱ «አንደኛ» ሲባል የቀሩት ስለ ራሳቸው የሚማሩት ነገር በየትኛውም የትምህርት ዓላማ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሆኖም ከብዙ የመጽሐፍ ምዕራፎች ይልቅ ሳይረሳ ይኖራል።

ኤልየት አይስነር በበኩሉ ትምህርት ቤት የማያስተምረውም ነገር እንደሚያስተምር አሳሰበ። አንድ ጉዳይ ከሥርዓተ ትምህርት ሲገለል ተማሪው ጉዳዩ ለእውቀት የማይበቃ ነው ብሎ ይደመድማል። አብዛኛው ሕዝቧ ከመሬት ጋር በሚኖርባት ኢትዮጵያ የገበሬው የዘርና የአፈር እውቀት፣ የሽምግልና ሥርዓትና እንደ ገዳ ያሉ ተቋማት ለረጅም ጊዜ ከመማሪያ መጻሕፍት ውጭ መቆየታቸው እንዲህ ያለ መልእክት አስተላልፏል።

ያልተጻፈ ሥርዓተ ትምህርት፦ የቅኔ ቤት

ሥርዓተ ትምህርት የግድ በሚኒስቴር ተጽፎ በማኅተም መውጣት የለበትም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ሲሠሩበት የኖሩት ቅደም ተከተል በታተመ መርሐ ትምህርት አልታሰረም፤ ነገር ግን ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገር ተማሪ የት እንደደረሰ በአንድ ቃል ይናገራል፣ የሚቀበለው መምህርም ይረዳዋል። ከፊደልና ከንባብ፣ ዳዊት ከመድገም በኋላ መንገዱ ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ይዘልቃል። መጻሕፍት ቤት ራሱ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ ይከፈላል።

የቅኔ ቤት አደረጃጀት በተለይ ሊጠና ይገባዋል። ተማሪው የግእዝ ግስ ያጠናል፣ አገባብ ይማራል፤ ወዲያውም የራሱን ቅኔ መቁጠር ይጀምራል። የመጀመሪያው ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው። እሱን ሲችል ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ይወጣል፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስም ይደርሳል። በየደረጃው የሚጠየቀው ያው ችሎታ ነው፤ ሰምና ወርቁን አስማምቶ፣ ሰዋስዉን ጠብቆ አዲስ ሐሳብ መፍጠር። የሚለወጠው የቅርጹ ስፋትና የሚጠበቀው ጥልቀት ነው። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል፣ ራሱም ለጉባኤው ይዘርፋል። የበረቱት ተማሪዎች ደግሞ ጀማሪዎቹን ያስነግራሉ።

ጀሮም ብሩነር በ1960 አንድ ሐሳብ በየደረጃው እየሰፋና እየጠለቀ ተመልሶ ሊሰጥ እንደሚገባ ሲያስተምር «ጥምዝ ሥርዓተ ትምህርት» የሚባለውን አደረጃጀት ማብራራቱ ነበር፤ የቅኔ ቤቱ መሰላል ከዚሁ ጋር በግልጽ ይዛመዳል። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ምዘናም ጠንካራ ነው። በዜማ ቤት ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ በዙር አባ ያስመሰክራል፤ ያስተማረውና የሚያስመሰክረው የተለያዩ ስለሆኑ የምስክርነቱ ክብር ይጠበቃል። ጉድለትም አለው፦ ይዘቱ በሃይማኖት አገልግሎት ዙሪያ የተወሰነ ነው፣ በሩም ለሴቶች ልጆች ሲከፈት የኖረው በጥቂቱ ነው።

በወሎና በሐረር የእስልምና ትምህርትም ተመሳሳይ ያልተጻፈ ቅደም ተከተል አለው። ደረሳው (ተማሪው) በሉህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ፣ ላይ ቁርኣን ከመቅራት ተነሥቶ ወደ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ)፣ ወደ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) እና ወደ ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ያልፋል፤ ለእያንዳንዱም በዚያ ዘርፍ የታወቀውን ሼህ ፍለጋ ከአገር አገር ይሄዳል።

መሠረቶቹ

ሥርዓተ ትምህርት የሚቆምባቸው መሠረቶች በተለምዶ ፍልስፍናዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ማኅበራዊና ታሪካዊ እየተባሉ ይለያሉ። ታይለርም ዓላማዎች ከተማሪው፣ ከኅብረተሰቡና ከትምህርት ዘርፉ ሊቃውንት ተሰብስበው በፍልስፍናና በሥነ ልቦና ወንፊት እንዲጣሩ ሲመክር ይህንኑ ማለቱ ነው። ሥነ ልቦናዊው መሠረት የልጁን ዕድሜና የመማር አቅም ይመለከታል፤ የዣን ፒያዤ የዕድገት ደረጃዎችና የቤንጃሚን ብሉም የ1956 የትምህርት ዓላማዎች አመዳደብ በመምህራን ማሠልጠኛ ሁሉ የሚጠኑ ናቸው። ፍልስፍናዊውና ማኅበራዊው መሠረት ግን የፖለቲካ ሥልጣን በሚለወጥበት አገር አብሮ ይናወጣል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ዋናው ፍላጎት ከአውሮፓውያን ጋር የሚነጋገር ሰው ማፍራት ስለነበር የውጭ ቋንቋዎች ሚዛኑን ወሰዱ፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራንም ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በለንደን ፈተና ይመዘን ነበር። ዓላማው ውጭ ተቀምሮ ፈተናውም ከውጭ ሲመጣ ለአገሩ ታሪክና ኑሮ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ መሆኑ አያስገርምም።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «ሴክተር ሪቪው» የተባለ ጥናት ይህን አካሄድ ለመለወጥ ሞከረ። ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት አነስተኛ መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስን አስቀደመ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለጥቂቶች የሚጠብ መሰለ። መምህራኑ የሥራ ሁኔታቸው እንዳይበላሽ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የማደግ በር እንዳይዘጋ ሠጉ። የካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት ዕቅዱን አዘገየ፤ ተቃውሞው ዘውዱን ከጣለው ማዕበል ጋር ተቀላቀለ። በሰነድ ላይ ፍትሐዊ የሚመስል ዕቅድ እንኳ የሚነካቸው ሰዎች ሳይመክሩበት ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በአገሪቱ ታሪክ አይገኝም።

ደርግ «ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለሶሻሊስታዊ ንቃተ ኅሊና» የሚል መሠረት አስቀመጠ፤ የፖለቲካ ትምህርት ወደ ክፍል ገባ፣ የእጅ ሥራና የእርሻ ተግባርም ተጨመረ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ጎልማሶችን አስተምሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፣ የትምህርት እርከኑንም 8-2-2 አደረገ።

የቋንቋው ውሳኔ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ መሠረቶች የተገናኙበት ነው። ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ቢጀምር ይቀለዋል፤ ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ አማርኛ ብቻ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ በነበረበት ዘመን አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅ ትምህርትንና አዲስ ቋንቋን በአንድ ጊዜ መሸከም ነበረበት። ነገር ግን ቋንቋ መምረጥ ብቻ አንባቢ አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ አጭር ምንባብ አንብበው መረዳት እንዳልቻሉ አሳየ። ከዚያ በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት የፊደልን ድምፅ፣ የቃላትንና የንባብን ትምህርት በቅደም ተከተል እንዲያስተምሩ ሆነው እንደገና ተዘጋጁ። ሌላው ስብራት ማስተማሪያው ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት ነው፤ እንደ ክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪው ሳይንሱን ባልጠናበት ቋንቋ ይጋፈጣል።

አሁን ያለው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ሥርዓተ ትምህርቱ በይዘት እንደተጨናነቀ፣ ሥነ ምግባርና አገር በቀል እውቀት እንደጎደሉት አመለከተ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት እርከኑን 6-2-4 አድርጓል፤ ለታዳጊዎች ግብረ ገብ አስገብቷል። መማሪያ መጻሕፍቱ ታትመው በወቅቱ ስላልደረሱ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብዙ መምህራን በስልክና በኮምፒውተር በሚገኝ ቅጂ ለማስተማር ተገደዋል።

ምዘናም የራሱን እውነት አውጥቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትን ለመከላከል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተፈታኞቹ የተማሩት በቀደመው ሥርዓተ ትምህርት ነው። በተጻፈውና በተቀሰመው መካከል ያለው ርቀት ለዓመታት በተሰረቁ መልሶች ተሸፍኖ ቆይቶ በአንድ ውጤት ታየ።

በአዲሱ አደረጃጀት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብለው በአንድነት ይሰጣሉ። ይህ የትምህርት ዓይነቶችን የማቀናጀት መርሕ ነው፤ ተማሪው ስለ ውኃ ሲማር የሞለኪዩሉን፣ የሕዋሱንና የኃይሉን ነገር በአንድ ላይ ያያል። መምህሩ ግን በአንዱ ዘርፍ ብቻ የሠለጠነ ነው። ፊዚክስ ያስተምር የነበረ መምህር የባዮሎጂውን ምዕራፍ በልበ ሙሉነት እንዲያስተምር የሥራ ላይ ሥልጠና፣ የመምህር መምሪያና ከባልደረቦቹ ጋር የሚዘጋጅበት ጊዜ ያስፈልገዋል።