አረም የሆነው ንጉሥ

በደጋው አገራችን በአጥር ሥር፣ በመንገድ ዳርና ፍግ በተደፋበት ቦታ ሁሉ ራሱን ዘርቶ የሚበቅል አንድ ተክል አለ። ልት ይባላል። ቅጠሉ ክብ ሆኖ ጠርዙ አምስትም ሰባትም ቦታ የተከፋፈለ ነው። አበባው ደቃቅና ነጣ ያለ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ የሚፈካውም በቅጠሉ ብብት ውስጥ ተሰብስቦ ነው። ቅጠሉን በጣት ቢያሹት እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ዘመዶቹ ግን የተከበሩ ናቸው፤ ጥጥ፣ ባሚያና ከርከዴ ከእርሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና። የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ሥሩን ይፈልጉታል። ከእነርሱ በቀር ልትን አረም ነው ብሎ ነቅሎ ከመጣል ያለፈ ክብር የሚሰጠው ሰው እምብዛም አይገኝም።

ይሁንና ይኸው ተክል በሌላ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የአትክልት ሁሉ አለቃ ሆኖ ኖሯል። ካርል ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 «ማልቫ ቨርቲሲላታ» ብሎ የሰየመው ይህ ተክል በጥንታዊት ቻይና ስሙ «ኩዌይ» ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በተሰበሰበው «ሺጂንግ» በተባለው የቻይናውያን የግጥም መድበል ውስጥ ገበሬዎች በሰባተኛው ወር ከባቄላ ዘር ጋር ሲቀቅሉት ይታያል።

ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺዬን የተወልን አንድ ታሪክ ደግሞ ተክሉ በዘመኑ ምን ያህል የገበያ ሸቀጥ እንደነበረ ያሳያል። ጎንግዪ ሺዩ የተባለ የሉ መንግሥት ሹም አንድ ቀን በቤቱ የቀረበለትን አትክልት ቀምሶ እጅግ ጣፈጠው። ከገዛ ጓሮው የበቀለ መሆኑን ሲረዳ ኩዌዩን ከሥሩ አስነቅሎ ጣለው። በቤቱ ጥሩ ጨርቅ እንደሚሸመን ባየ ጊዜም የሽመናውን ዕቃ አቃጠለ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ከመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሹም ጎመኑንም ጨርቁንም ራሱ ካመረተ፣ አትክልተኛውና ሸማኔዋ ሥራቸውን ለማን ይሸጣሉ? ታሪኩ በቻይና ለሹማምንት ምሳሌ ሆኖ ሲነገር ኖሯል።

ስለ እርሻው የተሟላ ትምህርት የምናገኘው በስድስተኛው መቶ ዓመት ጂያ ሲሺዬ ከጻፈው «ቺሚን ያዎሹ» ከተባለው የግብርና መጽሐፍ ነው። ደራሲው ለኩዌይ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥቶታል። መደቡ ሁለት እርምጃ ርዝመት፣ አንድ እርምጃ ስፋት ይኑረው ይላል፤ ፍግም በደንብ ይቀላቀልበት። ቅጠሉ የሚቀነጠበው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። ለከተማ ገበያ የሚያመርት ሰው ደግሞ በከተማው አቅራቢያ 30 ሙ የሚሆን ለም መሬት ይዞ፣ በአሥረኛው ወር መጨረሻ ምድሩ በውርጭ ሊደርቅ ሲል ዘሩን ይበትናል። በረዶ በጣለ ቁጥር ነፋስ እንዳይወስደው በማሳው ላይ ይደመድመዋል፤ በረዶ ካልጣለም ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ያጠጣል። ይህን ያህል የሚደከምለት ተክል አረም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1313 የግብርና መጽሐፉን ያዘጋጀው ዋንግ ጄንም ኩዌይን የአትክልት ሁሉ ጌታ ሲል አወድሶታል። ድርቅ ይችላል፤ ትኩሱን ይበሉታል፤ ደርቆም ይቀመጣል፤ በችግር ጊዜ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ታላቁ ሐኪም ሊ ሺጄን ያዘጋጀው የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1596 ታትሞ ሲወጣ፣ ኩዌይ ከአትክልቶች ክፍል ወጥቶ ከመድኃኒት ዕፅዋት ጋር ተመድቦ ተገኘ። ሊ ሺጄን እንደሚለው ቀድሞ ሰው ሁሉ ይበላው ነበር፤ አሁን ግን የሚተክለው ጥቂት ነው።

ምን አገኘው? የታሪክ ተመራማሪዎች በዋነኛነት የሚያነሡት የቻይናን ጎመን ነው። ጎመኑ እየተሻሻለ ሄዶ ምርቱ በዛ፤ ክረምቱንም ሳይበላሽ የሚከርም ሆነ። ሌላው ምክንያት ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ዘይት ብርቅ በነበረበት ዘመን የኩዌይ መዝለግለግ ሾርባውን ያለሰልስ ነበር። ዘይት በየቤቱ ገብቶ አትክልትን በጋለ ድስት ቶሎ ቶሎ መጥበስ ሲለመድ ግን ያ ጠባዩ አልተፈለገም።

ስሙም አልቀረለትም። የጥንት ሰዎች የኩዌይ ቅጠል ፀሐይን ተከትሎ ይዞራል ይሉ ነበርና፣ ከአሜሪካ ምድር አዲስ ተክል ሲመጣላቸው ስሙን ለእርሱ ሰጡት። ዛሬ በቻይንኛ «ኩዌይ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቢጫውን ትልቅ አበባ፣ እኛ «የፈረንጅ ሱፍ» የምንለውን ነው። እኛም የነባሩን ሱፍ ስም ለመጤው አበድረን፣ ዛሬ «ሱፍ» ሲባል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ግድ ሆኖብናል።

የኩዌይን ማንነት እንደገና ያነሣው ዉ ቺጁን የተባለ ሹም ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ከሞተ በኋላ በታተመው ሥዕላዊ የዕፅዋት መጽሐፉ፣ በሁናንና በጂያንግሺ ሕዝቡ በሌላ ስም የሚበላው ቅጠል ያው ጥንታዊው ኩዌይ መሆኑን ገለጸ። ሊ ሺጄን ከአትክልት ተራ ስላወጣውም ወቀሰው። ሊቃውንት ተበልቶ አበቃ ያሉት ቅጠል ለካ ከገበሬው ድስት አልወጣም ነበር! ዛሬም በሲቹዋንና በሁናን ይበላል፤ ኮሪያውያንም ከአኩሪ አተር ሊጥ ጋር ሾርባ ይሠሩበታል።

ይህን ስል አንባቢ ነገ ተነሥቶ ከመንገድ ዳር ልት ቆርጦ ወጥ ይሥራ ማለቴ አይደለም። ቅጠል ለይቶ ማወቅ ሙያ ነው፤ የመንገድ ዳርም ንጹሕ ቦታ አይደለም። ማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። ቻይናውያን ኩዌይን መልሰው ያወቁት በሁለት ነገር ነው፤ የጥንቶቹ ጽፈውት ነበር፤ ገበሬውም አልተወውም ነበር። በእኛ አገር ስለ ልትና ስለ ብዙ መሰሎቹ የሚታወቀው ግን በአብዛኛው በአረጋውያን አንደበት ያለ ነው። አያቶቻችን ሲያልፉና ልጆቻቸው ከተማ ሲገቡ፣ በአጥር ሥር የቀረው ቅጠል ስሙን የሚጠራለት ያጣል። ስለዚህ ከአያቱ ጋር ገና መነጋገር የሚችል ሰው፣ በጓሮው ያለውን ቅጠል ስሙንና ጥቅሙን ዛሬ ጠይቆ ይጻፍ።