የአውሬዎች ጨዋታ በተማሪዎች መድረክ

የትምህርት ዓመቱ ሲዘጋና የወላጆች በዓል ሲከበር፣ በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በዝዋይም ሆነ በሻሸመኔ፣ ተማሪዎች መዝሙርና አጫጭር ቴአትር ማሳየታቸው የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ጊዜም የአንበሳና የጅብ፣ የጦጣና የቀበሮ ተረት በዘፈን ታጅቦ ይቀርባል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ያጨበጭባል፤ ወዲያውም የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ይረሳዋል። ነገር ግን፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተወለደው ከዚሁ ዓይነት ጨዋታ መሆኑን፣ ጨዋታውም በዘመኑ ቤተ መንግሥቱን አሳስቦ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባናል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም በምዕራብ አውሮጳ የእርሻ ትምህርት ያጠኑ ሰው ነበሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ዘፈንና ጭፈራ ብቻውን ቴአትር ተብሎ ሲቀርብ ቢያዩ አላረካቸውም። ስለዚህ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። ብዙዎች የቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎች ድርሰቱ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መኳንንቱ ባሉበት የታየው በ1913 ዓ.ም. ነው ይላሉ።

ደራሲው ስለ ምን አውሬዎችን አናገሩ? ምሳሌያቸው የፈረንሳዩ ባለቅኔ ላ ፎንቴን ነበር፤ እርሱም በ17ኛው መቶ ዓመት የሰውን ጠባይ በእንስሳት አፍ የገለጸ ነው። ሹምን በስሙ ጠርቶ መውቀስ በሚያስቸግርበት ጊዜ፣ አንበሳውን በውዳሴ የሚያታልለውን ቀበሮ መውቀስ ይቻላል። ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ሊቃውንታችን ሰምና ወርቅ ይሉታል። ተረቱ ሰም ነው፤ ወርቁም የመንግሥት ሥራ መበላሸትና የሹማምንት ጉቦኛነት ነበር። ነገር ግን ወርቁን የሚያውቅ አልታጣም። ጨዋታው በመንግሥታቸው ላይ የተሰነዘረ ነቀፋ መሆኑ ለንግሥት ዘውዲቱ ስለ ተነገራቸው ቴአትሩ ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። እኒሁ ደራሲ ግን በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ዋነኛው ሆኑ።

የተዘጋው በር እንደገና የተከፈተው በአብዛኛው በተማሪዎች እጅ ነው። ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ወዲህ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቴአትር መታየት ጀመረ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የቅኔ ዕውቀታቸውን ከመዝሙር ጋር አዋሕደው ድርሰት እየጻፉ ልጆቹን ያለማምዱ ነበር። ሙያተኛ ተዋናይ ገና ባልነበረበት ዘመን የአገሩ ተዋንያን ተማሪዎች ነበሩ፤ የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። የጠላት ወረራ በ1928 ዓ.ም. ይህን ሁሉ አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ትምህርት ቤት በተከፈተበት ከተማ ሁሉ ልማዱ አብሮ ገባ።

ለረጅም ዘመን ናዝሬት ስትባል የቆየችው አዳማ የባቡር መንገድ ከተማ በመሆኗ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣ ሕዝብ ይኖርባታል። አንዱ ልጅ በቤቱ በአማርኛ «ተረት ተረት» ሲባል፣ ጎረቤቱ በኦሮምኛ «ዱሪ ዱሪ» ሲባል ሰምቶ ያድጋል። በመድረክ ላይ ሲገናኙ ግን ጅቡ ያው ሆዳም፣ አንበሳውም ያው ኀይለኛ ነውና፣ ማንም ሳያስተረጉም ይሥቃል።

እንግዲህ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች በፊተኛው ወንበር የምትቀመጡ ናችሁ። መማለጃ የሚበላ ጅብ ወደ መድረክ በወጣ ጊዜ፣ «ይህ ማንን ለመንካት ነው?» ብላችሁ መምህሩን አትጠይቁ። ልጆቹ የሚያሳዩን የሰማውን ተረት ብቻ አይደለም፤ ከወላጆቻቸው ጋር በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሲጠኑ ያዩትንም ነው። ስለዚህ ሣቁ፤ አጨብጭቡ፤ በማግሥቱም ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» ሳትሉ ጉዳዩን ፈጽማችሁ ሸኙት።