ኒቆዲሞስ፦ ነጻ የወጡ ሰዎች በካንሳስ የቆረቆሯት መንደር

ኒቆዲሞስ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በግራሃም ካውንቲ፣ ሰለሞን ከሚባለው ወንዝ ደቡባዊ ገባር አጠገብ ያለች ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። ከንቲባም ሆነ የከተማ ምክር ቤት የላትም። የከተማነት ሕጋዊ ዕውቅና ያልወሰዱ እንዲህ ያሉ መንደሮች በአሜሪካ ብዙ ናቸው፤ ጉዳያቸው የሚታየው በካውንቲውና ከሥሩ ባለው ታውንሺፕ ነው። በ2020 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በተደረገው ቆጠራ በመንደሯ የተገኘው ነዋሪ 14 ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ በምዕራብ ከቆረቆሯቸው የመጀመሪያዎቹ መንደሮች መካከል እስከ ዛሬ ሰው ያልጠፋባት እሷ ናት።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ባርነት በሕግ ቀረ፤ መሬት ግን በቀድሞዎቹ ጌቶች እጅ እንዳለ ነበር። ነጻ የወጣው ገበሬ በሰው ማሳ ላይ እያረሰ ምርቱን ያካፍላል፤ ዘርና ስንቅ በዱቤ ይወስዳል፤ መከር ሲደርስ የሚቀረው ዕዳው ነው። በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት በደቡብ የነበሩትን ወታደሮቹን ከጥበቃ ሲያነሳ፣ የተገኘችውም የፖለቲካ መብት አደጋ ላይ ወደቀች። ካንሳስ በአንጻሩ ባርነትን አልቀበልም ብላ ኅብረቱን የተቀላቀለች ግዛት በመሆኗ ስሟ በጥቁሮች ዘንድ የተወደደ ነበር። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ አዋጅም አምስት ዓመት ኖሮበት ላለማው ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር። የራስ መሬት ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

በሚያዝያ 1877 የኒቆዲሞስ ከተማ ኩባንያ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ደብሊው. አር. ሂል የተባለው ነጭ የመሬት ነጋዴ ይገኝበታል፤ የኩባንያው ሊቀ መንበር ግን ደብሊው. ኤች. ስሚዝ፣ ጸሐፊውም ቄስ ሳይመን ራውንድትሪ፣ ሁለቱም ጥቁሮች ነበሩ። ሂል በኬንታኪ ባሉ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወረ ስለ ቦታው ለምነት ሰበከ፤ የማስታወቂያ ወረቀትም ተበተነ። መስከረም ላይ በአብዛኛው ከኬንታኪ የተነሱ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች በባቡር ኤሊስ ከተባለችው ጣቢያ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ አልነበረም። ቀሪውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዕቃቸውን ይዘው፣ አብዛኞቹ በእግራቸው ተጓዙት።

የጠበቃቸው የተባለው ከተማ አልነበረም። ሣር ከለበሰው ሜዳ ላይ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ይታይ ነበር፤ ቀድመው የሰፈሩት ጥቂት ቤተሰቦች የሚኖሩት ጉድጓድ ቆፍረው ነበርና። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ወደ 60 የሚሆኑ ቤተሰቦችም ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። የቀሩት የጉብታውን ጎን እየማሱ ክፍል አወጡ፤ አግዳሚ እንጨት ጣሉበት፤ ከላይ ጭራሮና ሥሩ ያልተራገፈ የሣር ጓል ደረደሩበት። ዛፍ በወንዙ ዳር ካልሆነ ስለማይገኝ ማገዶው የጎሽ ኩበትና የሱፍ አገዳ ነበር። በቅሎም ሆነ ፈረስ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ማረሻ ያልነካውን ያን መሬት ብዙዎች በአካፋና በዶማ ገለበጡት። በመጀመሪያው ክረምት ስንቅ ሲያልቅ፣ ከአደን ይመለሱ የነበሩ የኦሴጅ ሕንዶች ሥጋ እንዳካፈሏቸው የመንደሯ ሰዎች ሲነገር የመጣ ታሪክ አላቸው። ወንዶቹ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፍለጋ ወደ ኤሊስና ከዚያም ርቀው ሄዱ፤ ሴቶቹ ከልጆቻቸው ጋር መሬቱን ጠበቁ። ርስት ከተጠበቀ በኋላ የሚገኘውን ክብር ብቻ የሚያይ ሰው፣ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ በቀላሉ ያመልጠዋል።

በጸደይ 1878 በቄስ ዳንኤል ሂክማን የሚመራ ሌላ ቡድን ከኬንታኪ መጣ። ዛካሪ ፍሌቸር የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሆነ፤ ባለቤቱ ጄኒ ስሚዝ ፍሌቸር ልጆችን ሰብስባ ማስተማር ጀመረች፤ ባልና ሚስቱ በኋላ የሴንት ፍራንሲስ ሆቴልንም ከፈቱ። በዚያው ዓመት የደረሰው ኤድዋርድ ፒ. ማኬብ የተማረ ሰው ነበር። ለካውንቲው በጸሐፊነት ካገለገለ በኋላ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ፤ በግዛቲቱ ታሪክ እንዲህ ላለ ሹመት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁርም ሆነ።

ከ1880ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንደሯ አበበች። የጉድጓዱ ቤት በኖራ ድንጋይና በእንጨት ቤት ተተካ፤ ሱቆች፣ ባንክ፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። የጎደለው ባቡር ነበር። በ1887 ነዋሪው ሚዙሪ ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ሐዲዱን በመንደሯ እንዲያሳልፍ 16,000 ዶላር የቦንድ ድጋፍ በድምፅ ወሰነ። ሐዲዱ ግን አልመጣም። በ1888 ሌላው የባቡር ኩባንያ ዩኒየን ፓሲፊክ መስመሩን ከወንዙ ማዶ ዘረጋ፤ እዚያም ቦግ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ተሻገረ።

ብዙ ጊዜ የኒቆዲሞስ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስል ይተረካል። ይህ ትክክል አይደለም። ነጋዴው ቢሄድም ገበሬው አልሄደም፤ በስንዴ ማሳዎቹ መካከል የመንደሯ ማኅበራዊ ሕይወት ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። የባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን በ1907፣ አሁን የሚታየው የትምህርት ቤት ሕንፃ በ1918 የተሠሩት ሐዲዱ ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይበልጥ የጎዳት በ1930ዎቹ የተከታተለው ድርቅና የአቧራ ማዕበል፣ ከእሱም ጋር የመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ በ1953 ፖስታ ቤቱም ተዘጋ።

የተበተነውን ሰው ከመንደሯ ጋር ያስተሳሰረው በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ የሚከበረው በዓል ነው። ከ1878 ጀምሮ የሚከበረው ይህ በዓል መነሻው ነሐሴ 1 ቀን 1834 በብሪታንያ ግዛት በነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች የታወጀው የነጻነት ዕለት ነው። ድሮ ሥጋ ይጠበስ፣ ቤዝቦል ይካሄድ፣ ይጨፈር ነበር፤ እያደር በዓሉ የዘመድ መሰብሰቢያ ሆነ። የመሥራቾቹ ዘሮች ከሩቅ ከተሞች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰልፍ ይወጣሉ፤ አብረው ይጸልያሉ፤ ይበላሉ። በመንደሯ ተወልዶ በ1954 ለግሪን ቤይ ፓከርስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የተመረጠው ቬሪል ስዊትዘርም የእነዚሁ ቤተሰቦች ልጅ ነው።

መንደሯ በ1976 በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበች፤ በኅዳር 1996 ደግሞ የአገሪቱ ኮንግረስ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ አደረጋት። ጥበቃው የሚያተኩረው በአምስት ሕንፃዎች ላይ ነው፦ በአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን፣ በባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን፣ በሴንት ፍራንሲስ ሆቴል፣ በትምህርት ቤቱና በታውንሺፕ አዳራሹ። አዳራሹ በ1939 ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት በተቋቋመው የመንግሥት ፕሮግራም ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ የታነጸ ሲሆን፣ አሁን የጎብኚዎች መቀበያ ሆኖ ያገለግላል።