አንዲት የተራራ ከተማ፣ ሦስት ስሞች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በምዕራብ ምያንማር፣ በቺን ተራሮች ላይ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ግን መዝገብ ላይ የሰፈረው በቅኝ ገዥ መኮንኖች፣ በሚሲዮናውያንና በመንግሥት ጸሐፊዎች እጅ ነው። ሁሉም በየጆሯቸው ሰምተው በየፊደላቸው ጻፉት።

የአገሬው ሰዎች፣ ላይ የሚባሉት፣ ከተማቸውን «ትላንትላንግ» ይሏታል። «ትላንግ» በቋንቋቸው ተራራ ማለት ነው። በስሙ መነሻ ላይ «ት» እና «ል» በአንድ ትንፋሽ ተጣምረው ይወጣሉ። በርማኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው ስሙን ሰባብሮ «ታንታላን» አደረገው። ዛሬ በካርታና በዜና የሚታየው «ታንትላንግ» ደግሞ የመጀመሪያውን «ል» የዋጠ የመንግሥት አጻጻፍ ነው። እንግሊዞቹ «ትል»ን «ክል» ብለው ሰሙና «ክላንግክላንግ» ብለው ጻፉ።

የሕዝቡ ስምም ከዚህ አላመለጠም። ከቺታጎንግ በኩል የመጡት የእንግሊዝ ሹማምንት «ሼንዱ» ሲሏቸው፣ ከበርማ በኩል የወጡት «ቺን» አሏቸው። ሁለቱም ስም ከጎረቤት የተገኘ እንጂ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት አይደለም።

ከተማዋ በእንግሊዞች መዝገብ ውስጥ ጎልታ የወጣችው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ስቴዋርት የተባለ የቅየሳ መኮንን ተገደለ። ገዳይ የተባለው ሀውሳታ ከክላንግክላንግ አለቆች ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ሰው ነበር። በ1889 የዘመተው ጦር መንደሩን አቃጠለ፤ የመኮንኑንም ጠመንጃ ቀድሞ ከሞተው ከሀውሳታ መቃብር አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከህንድና ከበርማ የተነሱ ጦሮች ተራሮቹን ከሁለት ወገን ያዙ። በ1896 ኬሪና ተክ የተባሉ ሁለት ሹማምንት ስለ ቺን ተራሮች ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። የዘመኑ ዋና ምንጭ እስከ ዛሬ ይኸው ነው፤ ከተማዋም በውስጡ «ክላንግክላንግ» ናት።

ላዮቹ ግን ቋንቋቸውን የሚጽፉበት ፊደል ገና አልነበራቸውም። በ1899 የአሜሪካ ባፕቲስት ሚሲዮናውያን ሃካ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ቋንቋው በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ ስለ ከተማዋ መጀመሪያ የጻፈው ያሸነፋት ወገን ነው። የተሸናፊው ትዝታ በቃል ብቻ ቆየ።

ይህ የፊደል ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምሁራን በተተወ ነበር። ነገር ግን ከየካቲት 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ታንትላንግ የጦር ሜዳ ሆነች። በመስከረም ቤቶች ተቃጠሉ፤ እሳት ሊያጠፋ የወጣ አንድ ፓስተር በጥይት ተገደለ። ወደ አሥር ሺህ ከሚጠጋው ነዋሪ አብዛኛው ወደ ጎረቤት መንደሮችና ወደ ህንዷ ሚዞራም ሸሸ። ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ አብያተ ክርስቲያናትን ጨምሮ ከ160 በላይ ሕንፃዎች እንደነደዱ የአካባቢው ድርጅቶች ዘገቡ። ቃጠሎው በ2022ም ቀጠለ።

ሰው ሲበተን ቤቱን የሚያስታውሰው መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ደግሞ በሦስት ስም ተበትኗል። በ«ታንትላንግ» የሚፈልግ ሰው የ1889ኙን ዘመቻ ላያገኘው ይችላል፤ በ«ክላንግክላንግ» የሚፈልግም የ2021ዱን ቃጠሎ አያገኝም። ሁለቱን ያላገናኘ አንባቢ ከተማዋ ትናንት በዜና የተፈጠረች ሊመስለው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ «እዚህ ማን ነበር?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልሱን በቀላሉ የሚያገኘው አጻጻፉን የወሰነው ወገን ነው።

መፍትሔው አንዱን ስም አንግሦ ሌሎቹን መፋቅ አይደለም። የእንግሊዞቹ ስህተት ራሱ ታሪክ ነው፤ ቢሰረዝ የሚያመለክተው ሰነድም አብሮ ይጠፋል። የሚያስፈልገው ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፋቸው መናገር ነው። በቅድሚያ መቀመጥ ያለበት ግን ሚዞራም በስደት የሚኖሩት ሰዎች ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ በአፋቸው የሚመልሱት ስም ነው፦ ትላንትላንግ።