አጥንት የሚመሰክረው ታሪክ

የታሪክ መምህር ስለ ጥንታዊው ሰው ሲያስተምር በመጽሐፉ የሚያገኘው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፓ ነው። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ያስተማርሁት ይህንኑ ነበር። በፈረንሳይ አገር በላ ማድሌን የተገኘውን፥ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሬንዲር ቀንድ የተቀረጸውን ጎኑን የሚልስ ጎሽ በሰሌዳ ላይ እሥል ነበር። አንድ ቀን እዚሁ ሞያሌ ያደገ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ በዚያ ዘመን በእኛ አገር ሰው አልነበረምን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

አስቀድሞ ስለ ቀንድ መናገር ያስፈልጋል። ሬንዲር የብርድ አገር እንስሳ ነው፤ ቀንዱ ራሱ አጥንት ሆኖ በየዓመቱ ይወድቃል፥ እንደ ገናም ይበቅላል። ስለዚህ የአውሮፓ አዳኞች የጦር ጫፍና ጌጥ ይሠሩበት ነበር። የእኛ አገር የድኩላ ቀንድ ግን አይወድቅም፤ በአጥንት ላይ እንደ አፎት የተደረበ ነው፤ በአፈር ውስጥም ቶሎ ይበሰብሳል። እንግዲህ በእኛ ምድር ዋናው ምስክር አጥንት ነው።

ከሞያሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ ከያቤሎ ማዶ በሚገኘው በኮንሶ፥ ከጉማሬ ጭን አጥንት የተጠረበ የእጅ መጥረቢያ ተገኝቷል። ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ፥ ዕድሜውም 1.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዮናስ በየነና የጃፓን ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ለዓለም አስታውቀውታል። ሠሪው ሆሞ ኤሬክተስ የተባለው ጥንታዊ ሰው እንደ ሆነ ይታመናል፤ አጥንቱን በሁለቱም ገጽ እየጠረበ ስለት አውጥቶለታል።

ወደ ዘመናችን ቀረብ ስንል ደግሞ በምዕራብ በኩል የቱርካና ሐይቅ አለ። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናብ በዝቶ ስለ ነበረ ሐይቁ ከዛሬው ወለል ወደ 80 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። በምሥራቃዊው ዳር በሎዋሴራ የሰፈሩት ሰዎች ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች ነበሩ። አጥንት ሰንጥቀው፥ በድንጋይ ሞርደው፥ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ያሉት የጦር ጫፍ ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም የተወጋው ዓሣ እንዳያመልጥ ነው። ጌጥም ቢሆን አልጠፋም፤ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተበሳ ጨሌ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ 50,000 ዓመት ዕድሜ አለው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ መምህራን፥ ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ንጹሕ የበሬ አጥንትና ሻካራ ድንጋይ ለተማሪው ስጡት፤ አንድ ሰዓት ሲሞርድ ቢውል የጥንቱን ሰው ድካምና ብልሃት በእጁ ያውቀዋል። ነገር ግን በሜዳ ያረጀ አጥንት ወይም የተጠረበ ድንጋይ ቢያገኝ እንዳያነሣው አስጠንቅቁት። ዕቃው ከተኛበት አፈር ከተለየ ዕድሜውን ማወቅ እጅግ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለአዲስ አበባው ወይም ለናይሮቢው ብሔራዊ ሙዚየም ማስታወቅ ይገባል።

ለዚያ ተማሪም፥ ዘግይቼም ቢሆን፥ መልሼለታለሁ። ሰው ነበረ፤ ሠሪም ነበረ። ዛሬ ሞያሌን ለሁለት የሚከፍለው ድንበር በዚያ ዘመን አልነበረምና፥ ያ ሥራ በወዲህም በወዲያም ላለው ልጅ እኩል ርስቱ ነው።